አንድ ጋቱ የኔ ነው

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወንድሜ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ታችኛውን መስክ የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ ሲናገር ኖሯል። እንግዳ መጥቶ በመስኮት ወደ ታች አይቶ «ያ ውሃ የተኛበት ምንድን ነው?» ካለ፣ ወንድሜ የያዘውን ሻይ እንኳን ሳያስቀምጥ «የእህቴ ላሞች ሥራ ነዋ!» ይላል። እንግዳው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ሲሰማ ይለምደዋል ይባላል፤ ውሸት ነው። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ስለቆየ አይለሰልስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ሲሞት ሁለት የሣር መስክ ተወልን፣ ላይኛውና ታችኛው። ወረቀቱ ላይ ሁለታችንም አለንበት። እሱ ማሽኑን ያዘ፣ እኔ ላሞቹን ያዝኩ። ሰባት ናቸው። ያን ክረምት ዳለቻዋ ላም ምጥ ጠንቶባት ሦስት ቀን ከአጠገቧ አልተነሳሁም፤ ስድስቱን ታችኛው መስክ ላይ ረሳኋቸው። ዝናቡ ደግሞ ፋታ አልሰጠም። ስሄድ የውሃ ገንዳው ዙሪያ ተጠጋግተው፣ ጭቃው ጉልበታቸው ደርሶ አገኘኋቸው። ወንጀሌ ይኸው ነው። ጥጃውም አልተረፈም።

ከዚያ ወዲህ መስኩ ሌላ ሆነ። ሣሩ ሳሳ፣ ቄጠማ ገባበት፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውሃው የሚሄድበት አጥቶ እዚያው ይተኛል። ወንድሜ ግን የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ትልቁን ትራክተርና የፍግ ውሃ የሚጭነውን ቦቴ የገዛው በዚያው ዓመት ነው። መስክ ከመግባቱ በፊት ተረከዙን ይተክላል፤ ተረከዙ ካልሰመጠ «ደርቋል» ብሎ ይነዳል። ይህንን ከአባታችን ነው የተማረው። አባታችን ተረከዙን ሲተክል ግን ከኋላው የሚከተለው አንድ ፈረስና አንድ ጋሪ ነበር።

ጧት ጧት ከማለቤ በፊት ታችኛው መስክ እወርድ ነበር። ለምን እንደምወርድ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጉሙ እስከ ወገብ ነው። ላሞቹ እግር ያላቸው አይመስሉም፤ ጀርባቸው ብቻ ነጩ ላይ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ ያልፋል። ጫማዬን አወልቃለሁ። ላይኛው መስክ ላይ በባዶ እግር ሲሄዱ መሬቱ እግርን ትንሽ ተቀብሎ ትንሽ ይመልሳል፣ የጠገበ ሕፃን ሆድ እንደመንካት ነው። ታችኛው አይቀበልም፣ አይመልስም። እግሬን አሳርፌ እቆምና እጠብቃለሁ። ምን እንደምጠብቅ እንጃ። ጉሙ በጣቶቼ መሀል ያልፋል፣ አንዷ ላም የሆነ ቦታ ትተነፍሳለች፣ የት እንደሆነች አትታይም።

አንድ ቀን እያለብኩ ግንባሬን የላሟ ጎን ላይ እንዳስደገፍኩ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። በህልሜ መስኩ እንደ ሰው በጀርባው ተኝቷል። ዱካክ ተጭኖታል። ዱካክ የያዘውን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ዓይኑ ያያል፣ ጆሮው ይሰማል፣ ግን ደረቱ ላይ የተቀመጠ አለና መጮህ አይሆንለትም። መስኩ ያየኛል። ደረቱ ላይ የተቀመጠውን ለማየት ጠጋ ስል ጉሙ ከለለኝ። ስነቃ እጄ ማለቡን አላቋረጠም ነበር፤ ወተቱ ባልዲውን ስቶ እግሬ ላይ ይፈሳል፣ ይሞቃል።

ዘንድሮ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሁለት ቀን ፀሐይ እንደወጣ ወንድሜ ከሚስቱ ጋር መጣ። ወጥ ቤት ገብቶ ወንበር ሳበ።

«ድርቆሹ አልቋል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሰባት ላም ለአንድ መስክ ይበዛል።»

«ሁለት መስክ ነው ያለን።»

«አንድ ነው። ያኛውን ገድለሽዋል። ጡብ ሠሪው አፈሩን ቆፍሮ ሊወስደው ይፈልጋል፤ እንደሆነ ጡብ ሆኗል፣ መተኮስ ነው የቀረው።»

ሚስቱ ሳቀች፤ ወዲያው እኔን አየችና አፏን በእጇ ከደነች።

«አፈሩ ሲሄድ ምን ይቀራል ጋሼ?»

«ጉድጓድ ነዋ። ዓሣ ታረቢበታለሽ።»

«ላሞቼስ?»

«አራቱ ይሸጣሉ። ሦስቱን ላይኛው ይችላቸዋል።»

«አልፈርምም።»

«እንደ ልጅነትሽ ድርቅ በይ አሉሽ! ሰውዬው ሐሙስ ይመጣል። እስከ ሐሙስ አራቱን ምን እንደምታበያቸው ንገሪኝና አትፈርሚ።»

ከሄዱ በኋላ በረት ገብቼ ቆምኩ። ሰባቱም ዞረው አዩኝ። የትኞቹ አራት? የማን ፊት ላይ ዓይኔ እንዳረፈ እንዳያውቁብኝ ወደ ጣሪያው አየሁ።

በማግስቱ ጣሳዬን ይዤ ወተት ማስረከቢያው ጋ ተሰለፍኩ። ወተት ሰብሳቢው ምላሱ የማያርፍ ልጅ እግር ሰው ነው።

«እትዬ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ፤ ይሄ ፊት ወተቱን እንዳያረጋብኝ።»

«ያንተ ቀልድ ሳያረጋው የኔ ፊት ያረጋዋል?» አልኩት።

ከኋላዬ መቃብር ቆፋሪው ነበሩ፤ ለቤታቸው ግማሽ ሊትር ይወስዳሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ትከሻቸው ግን የወጣት ነው። የምን ፊት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ተረከዙን፣ ቦቴውን፣ ጡብ ሠሪውን፣ ሁሉንም። ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ መሬት የረገጣትን አትረሳም። ከላይ ይቅር ያለች ትመስላለች እንጂ። የሬሳ መኪናው የሚዞርበት ቦታ ሣሩ ሲያዩት ያምራል። አካፋ ስሰድበት ግን አንድ ክንድ ሳልደርስ ንዝረቱ ጥርሴ ድረስ ይመጣል። ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ ከላይ አይታይም፤ መክፈት ነው።»

«አባባ፣ ነገ የሞተ ሰው አለ?»

«እስካሁን የነገረኝ የለም።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ይምጡ።»

ረቡዕ ጧት ጉሙ ሳይነሳ አካፋቸውን ተሸክመው መጡ። መጀመሪያ አጥሩ ሥር ቆፈርን፤ እዚያ ላምም ትራክተርም ገብቶ አያውቅም። አካፋው ያለ ድምፅ ገባ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ እፍኝ ሳደርገው ይፈረፈራል፣ ሲያሸቱት ደስ ይላል። የሣሩ ሥር ክንድ አልፎ ይወርዳል። የምድር ትሎቹ ብርሃን ሲያገኛቸው እየተሳቡ ወደ ጨለማቸው ተመለሱ፣ ከእንቅልፍ የቀሰቀስናቸው ይመስል።

«ጤነኛው ይሄ ነው» አሉ። «አሁን በሽተኞቹ ጋ እንሂድ።»

ሁለተኛውን መሀል መስኩ ላይ፣ ቦቴው በሚመላለስበት ከፈቱ። ከልማዳቸው የተነሳ ረጅምና ቀጥ ያለ አድርገው ነው የቆፈሩት፤ አንድ ሰው ልክ ይይዛል። ላይ ላዩ ክፉ አይደለም። አንድ ስንዝር አልፎ ግን አካፋው «ጧ!» አለ። አጎንብሼ በእጄ ዳሰስኩት። ንጣፍ ነው። ሰው ያነጠፈው ይመስላል፣ ዝርግና ቀዝቃዛ። የሣሩ ሥሮች እዚያ ደርሰው ሁሉም ወደ ጎን ታጥፈዋል፣ የተዘጋ በር ላይ እንደቆመ ሰልፍ። ከላዩ ያለው አፈር ውሃ አርግዟል። በዶማ ሰብረን ከሥሩ ስናወጣ ደግሞ እንደ ዱቄት ደረቅ ነው። እንግዲህ ከላይ ውሃ እየሰመጠ ከታች የተጠማ መስክ ነው የነበረኝ።

አባባ ከንጣፉ በላይ ካለው አፈር ቆንጥረው መዳፋቸው ላይ አንከባለሉት። ቀጭን ክር ሆነ።

«ይቺን እያት። ክር ከሆነች መሬቱ ከባድ ነገር አይችልም ማለት ነው። ከፈረሰች ይችላል። ተረከዝ የሚያውቀው ላዩን ብቻ ነው። ለወንድምሽ ንገሪው።»

ልቤ ዘለለ። «ላም እዚህ ድረስ የሚገባ እግር የላትም! አይደለም እንዴ አባባ?»

«የላትም። አሁን ሦስተኛውን እንክፈት።»

«ይበቃል፣ ታይቷል እኮ!»

«ገንዳው ጋ ነው ያልሽኝ?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። መቃብር የሚቆፍር ሰው አይቸኩልም፣ አይመለስምም።

ገንዳው ጋ አካፋው ገና ከመጀመሪያው እንቢ አለ። አንድ ጋት ያህል ጥልቀት አፈሩ ግራጫ ነው፤ እንደተደራረበ ወረቀት ይላቀቃል፤ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከዚያ በታች ግን ይለሰልሳል። የላሞቼ ኮቴ ሥራ ይኸው፣ አንድ ጋት። ቢሆንም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተደረገ ነገር ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ስል እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ የድሮ አይደለም። የድሮውን ትልና ሥር ይፈቱት ነበር፤ ለዚህች ለአንድ ጋት ሦስት አራት ዓመት ዕረፍት በቂያቸው ነው። ይሄ የአምና ነው ልጄ። የካቻምናም ነው።»

እውነታቸውን ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ላይኛው መስክ ባዶ ሆኖ ሳለ ላሞቹን ወደ ታችኛው የማወርደው እኔ ነኝ። ወንድሜ ከመስኮቱ እንዲያያቸው። «ላም መስክ አትገድልም፤ ይኸው ቆመዋል» ለማለት። እሱም ያያቸውና «ከሞተ አይቀር» ብሎ የቦቴውን ሁሉ እዚያ ያራግፋል። እኔ በኮቴ፣ እሱ በጎማ፣ በየዓመቱ ተራ ገብተን መልስ ስንሰጣጥ መስኩ ደረት ላይ የተቀመጥነው ዱካክ ለካ እኛ ነን።

አባባ ምሳቸውን ሊበሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች፣ ነፋስ የለም። እኔ መሀለኛው ጉድጓድ ውስጥ ወረድኩ። ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነበር፤ ቅዝቃዜው ደስ አለኝና ጋደም አልኩ። ከላይ ሰማዩ አንድ ሰው ያህል ሆኖ ተቀደደ። የሣሩ ጫፎች ከዳር ዳር ያዘነብላሉ፣ እኔን ለማየት የሚሻሙ ይመስላሉ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። የሆነ ቦታ ውሃ ጠብ ይላል። ሥሮቹ ፊቴ አጠገብ ናቸው፣ ነጭና ቀጭን፣ የአንዱ ጫፍ ጉንጬን ነካኝ። ሰውነቴ ከበደኝ፣ ከዚያ ቀለለኝ፣ ከዚያ የት እንዳለ አላውቅም። ከላዬ ሣር በቅሎ፣ ሣሩን ዳለቻዋ እየጋጠች፣ እኔ ደግሞ ከሥር ሆኜ «ወደ ደረቁ ሂጂ» እያልኳት ነበር።

«ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ እህቴን!»

መሬቱ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ዓይኔን ስገልጥ የአፈር ፍርፋሪ አፌ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ የወንድሜ ቦት ጫማ ጫፍ ይታያል።

«ጋሼ፣ ቀስ ብለህ እርገጥ፤ እየደረመስክብኝ ነው» አልኩ።

ጫማው ከዳሩ ሸሸና ፊቱ መጣ፤ አመድ መስሏል።

«በሕይወት አለሽ?»

«ዛሬ ላሞቹን ማን ያለበ መሰለህ?»

«አንቺ የሰይጣን ቁራጭ! ሚስቴ በመስኮት መቃብር ቆፋሪው አካፋ ተሸክሞ ሲወጣ አየች፤ አንቺ ደግሞ የለሽም፤ ጉድጓድ አለ...» እግሩን አንጠልጥሎ ዳሩ ላይ ቁጭ አለና በእጅጌው ፊቱን ጠረገ። ወንድሜ ሲያለቅስ ሳየው ከአባታችን ሞት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። አዘንኩለት፣ ግን ደስም አለኝ።

«ና ውረድ» አልኩት።

«ለምን?»

«ና ውረድ ስልህ!»

ወረደ። ሁለት ሰው ስለማይይዝ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን፣ ልጅ ሆነን ጆንያ ውስጥ እንደምንደበቀው። እጁን ይዤ ንጣፉ ላይ አደረግኩት። ዳበሰው። በጣቱ አንጓ አንኳኳው፤ አንኳኩቶ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮውን አዘነበለ። ሥሮቹ የታጠፉበትን አየ። ከንጣፉ በላይ ያለውን አፈር አንከባልዬ ክሩን መዳፉ ላይ አኖርኩለትና አባባ ያሉኝን ነገርኩት።

«ላዩ እኮ ደርቋል» አለ ቀስ ብሎ። «ተረከዜን ተክያለሁ።»

«አባባም የሚሉት ይህንኑ ነው። ተረከዝህ ላዩን ነው የጠየቀው።»

ክሩን መልሶ መልሶ ያንከባልላል። ይህኔ ከላይ ጥላ ወረደብን። መቃብር ቆፋሪው ጥርሳቸውን በስንጥር እየነካኩ ወደ ታች አዩን።

«እኔ ለሁለት ሰው አልቆፈርኩም» አሉ።

ወንድሜ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ግን ሳቁን ዋጠና ዓይኔን አየኝ። «ገንዳው ጋስ? ገንዳው ጋም ቆፍራችኋል፤ ምን አገኛችሁ?»

አባባ ወደ ሰማይ አዩ። እኔም የማየው ፈለግኩ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጥርሴን ነክሼ የያዝኩት ነገር ግን በአንዴ አልላቀቅ አለኝ።

«ሌላ ቀን እነግርሃለሁ» አልኩ።

«ተረዳሁ» አለና ተነሳ፤ ልብሱን አራገፈ። «አንቺ ያንቺን አፍነሽ እኔ የኔን እንዳወጣ ነው የፈለግሽው። ነገ ሐሙስ ነው።»

በእርጋታ፣ አጥር አጥሩን ይዞ ሄደ። መሀሉን አልረገጠም። ያንን ልብ አልኩ።

ሐሙስ ጡብ ሠሪው መጣ። ሽፋሽፍቱ ላይ ሳይቀር ቀይ አቧራ ያለበት ጨዋ ሰው ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ እስክሪብቶውን ወደ እኔ አዞረ። ወንድሜ በአንድ ወገን፣ ሚስቱ በር ላይ። ብፈርም የሚሆነውን ሁሉ አሰብኩ፤ አፈሩ በመኪና ተጭኖ፣ እሳት ገብቶ፣ የማላውቀው ሰው ቤት ግድግዳ ሆኖ፣ እኔ አንድ ቀን በመንገድ ሳልፍ ግድግዳውን ነክቼ «አውቅሃለሁ» ስለው ታየኝ። እስክሪብቶውን መልሼ ሰጠሁት።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ላይኛው አንድ ጋት የኔ ነው። ያን ዓመት ረስቼ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አውቄ ነው። በየክረምቱ ላሞቹን ገንዳው ጋ ያቆምኩት አንተን ለማናደድ ነው። በየዓመቱ ደግሜ የረገጥኩት እኔ ነኝ።»

የወንድሜ ሚስት በሩን ያዘች። ጡብ ሠሪው ከአንዳችን ወደ ሌላችን አየ። ወንድሜ እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ሲያየው ቆየ።

«ከሥር ያለው የቦቴው ነው» አለ። ጮክ ብሎ አላለውም፤ ግን ሰው ፊት ነው ያለው። «ቢሆንም አራቱን ምን ታበያቸዋለሽ? እሱ አልተመለሰም።»

«ሁለቱን እሸጣለሁ፣ ራሴ መርጬ። አምስቱን ግቢ አስሬ ከላይኛውና ከአጥሩ ሥር አጭጄ አበላለሁ። እስከ በጋ ታችኛው ላይ ኮቴም ጎማም አይገባም። በጋ ሲደርስ፣ ከንጣፉ በላይ ያለው አፈር ክር አልሆን ብሎ ሲፈርስ፣ ወደ ሥር የሚገባውን ረጅም የብረት ጥርስ ትራክተሩ ላይ አስረህ ንጣፉን ትሰነጥቀዋለህ። ያንተን ንጣፍ እኔ በማጭድ አላወጣውም።»

«ተሰንጥቆ ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ያኔ እፈርማለሁ። ቃሌ ነው።»

ጡብ ሠሪው ወረቀቱን አጠፈ። «እኔ ብዙ ቤተሰብ አይቻለሁ» አለ፣ «በአፈር ተጣልቶ በአፈር የታረቀ ግን አላየሁም። በጋ ላይ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ዳለቻዋንና እህቷን ሸጥኩ። ዳለቻዋን የመረጥኩት ከሁሉም አብልጣ የምትበላ ስለሆነች ነው፤ ሌላ ምክንያት ብሰጥ ውሸት ይሆንብኛል። ገዢው ሲነዳት ዞራ አላየችኝም፤ ሣር አይታ ነበር። አምስቱን ግቢ ውስጥ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ላይ አሰርኳቸው። የታችኛውን መስክ በር ዘግቼ በሽቦ ጠመጠምኩት። ወንድሜ ቦቴውን መንገድ ላይ ያቆማል፤ ፍጉን በረጅም የጎማ ቱቦ ከአጥር ውጭ ሆኖ ላይኛው ላይ ይረጫል፤ አልሰደብኩትም።

እኔ ደግሞ ያን ክረምት ሙሉ አጨድኩ። ጧት አንድ ሸክም፣ ከሰዓት አንድ፣ ሲመሽ አንድ። ዝናብ ባለበት ቀን ሣሩ ከራሴ ክብደት ይበልጣል፤ ለሁለት እከፍለውና ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ላሞቹ ከሩቅ እየሰሙኝ ይጮኻሉ። መጀመሪያው ሳምንት ጀርባዬ መተኛት ከለከለኝ፤ በሁለተኛው ማጭዱ እጄ ውስጥ ራሱ መሄድ ጀመረ፣ እኔ ከኋላው የምከተለው እስኪመስለኝ። ሸክሙን አዝዬ በአጥሩ ዳር፣ በውጭ በኩል ሄድኩ። አቋራጩ በታችኛው መስክ መሀል ነበር፤ ግማሽ መንገድ ይቀንስልኝ ነበር፤ አልገባሁም።